ወንጭፍና ጆይስቲክ

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ሳያሰልስ የሚመጣብኝ አንድ ጥያቄ ነበር። “ከቅርጽና ከይዘት የቱ ይበልጣል?” ይላል አንዱ ተማሪ፣ ያውም ፈተና ሲቃረብ። ከኋላ ወንበር ሌላው “ይዘት ነዋ!” ብሎ ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ የቅዳሜ ገበያ ነው። መቼም ጥያቄው አያረጅም፤ የሚያረጀው መምህሩ ነው።

ሰሞኑን ይኸው ጥያቄ ልብሱን ለውጦ ሳሎኔ ድረስ መጣ። የእህቴ ልጅና ጓደኛው ስለ ጌም ማሽን ይከራከራሉ። የእህቴ ልጅ “ዋናው ግራፊክሱ ነው። ምስሉ እውነት ካልመሰለ ምኑን ተጫወትኩት?” ይላል። ጓደኛው ደግሞ “የለም፣ ዋናው መጫወቻው ነው። እጅህ አዲስ ነገር ካልሠራ ሥዕሉን ቢያሳምሩት ባያሳምሩት ያው ነው” ባይ ነው። “ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?” አለኝ ጓደኝየው። የጠየቀኝ ለወጉ ነው፤ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ እያዳመጠ ሳይጠይቁት መቅረት ነውር እንዳይሆን። መልስ ይኖረዋል ብሎ አልጠበቀም። እኔ ግን በዚህ ነገር ላይ የምለው ብዙ ነው። እነሱን ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ አወራኋቸው፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው።

የዚህ ክርክር ትልቁ ችሎት የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ላይ ነበር። ሶኒ ፕሌስቴሽን 3ን ሲያወጣ አሜሪካ ውስጥ የቆረጠለት ዋጋ እንደየዓይነቱ 499 እና 599 ዶላር ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360ን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አውጥቶታል። ሁለቱም የሚፎካከሩት በምስል ነበር፤ በኳስ ተጫዋቹ ግንባር ላይ በሚወርደው ላብ፣ ከሚፈርሰው ግድግዳ በሚነሣው አቧራ፣ በነፋስ በሚያጎነብሰው ሣር። በዚህ መሐል፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ከተማ ውስጥ የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመው ኒንተንዶ “ዊ” የሚባል ትንሽ ነጭ ሣጥን ይዞ ብቅ አለ። ዋጋው 250 ዶላር። አንጎሉ ኩባንያው ራሱ በ2001 ካወጣው ጌምኪዩብ ከሚባለው ማሽን ብዙም የራቀ አልነበረም። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ማሳየት የሚችሉትን የምስል ጥራትም አይሞላም። ያላገጡበት አልጠፉም።

የሣጥኑ ጉድ ያለው መጫወቻው ላይ ነበር። ሲያዩት የቴሌቪዥን ሪሞት ነው። ውስጡ ግን የእጅን እንቅስቃሴ የምትለካ ቁራጭ ዕቃ አለች። ቴኒስ ለመምታት ቁልፍ መጫን የለም፤ እጅን መወንጨፍ ነው። ቡጢ ከሆነም መቧቀስ። በቴሌቪዥኑ ራስ ላይ የምትቀመጥ ቀጭን ዘንግም አለችው፤ አብዛኛው ሰው የዘንጓ ሥራ እጅን ማየት ይመስለው ነበር። ዘንጓ ምንም አታይም። ከሁለት ጫፏ በዓይን የማይታይ ብርሃን ትሰጣለች እንጂ የሚያየው ሪሞቱ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ካሜራ አለው። ስለዚህ ዘንጓ የተበላሸችባቸው ሰዎች ሁለት ሻማ ለኩሰው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያቆሙና ጨዋታቸውን ይቀጥሉ ነበር። ሻማ የምናውቀው ለመብራት መጥፋትና ለስለት ነበር፤ ለካ ለጌምም ይሆናል።

ገበያው ፈረደ። ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ሁለቱ ባለ ግርማዎች እያንዳንዳቸው ሰማንያ ሚሊዮንን አለፍ ብለው ቀሩ። ይሁን እንጂ እኔ በገበያ ፍርድ ብዙም አልመካም። በሽያጭማ ቢሆን ኖሮ የስንቱን ልብ ወለድ ምግባር አድንቀን የስንቱን ገጣሚ ስም ከመዝገብ በፋቅን ነበር። እኔን ያሳመነችኝ እናቴ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2009 ክረምት ወንድሜን ልጠይቅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ ነበር። እናቴ እዚያ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። የደረሰበት ሰው ያውቀዋል፤ አያት የምትወሰደው ልጅ ልትጠብቅ ነው፤ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ግን እሷን የሚጠብቃት ይጠፋል። ወንድሜና ሚስቱ ማልደው ይወጣሉ፣ መሽቶ ይገባሉ። ወንዱ ልጅ አሥራ ሁለት፣ ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአማርኛ የሚያውቁት “ና”፣ “ብሉ” እና “ተኙ” የሚለውን ያህል ነው። እናቴ በእንግሊዝኛ የምታውቀው ከዚያም ያንሳል። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ። እነሱ ቴሌቪዥኑን ያያሉ፣ እሷ እነሱን ታያለች።

ቤቱ ውስጥ ፕሌስቴሽን 3ም ዊም ነበሩ። ወንዱ ልጅ ደግ ነው፤ አንድ ቀን እሷንም ላጫውታት ብሎ የፕሌስቴሽኑን ጆይስቲክ ሰጣት። እንደ ቡና ሲኒ በሁለት እጇ ተቀበለችው። እስቲ ጆይስቲክን አይቶት በማያውቅ ሰው ዓይን ተመልከቱት። በስተቀኝ አራት ቁልፍ፣ በስተግራ የመስቀል ቅርጽ ያለው ሌላ ቁልፍ፣ ግንባሩ ላይ አራት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ደቃቅ ደቃቅ ነገሮች። ከታች ሁለት እንጉዳይ የሚመስሉ፣ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ዘንጎች አሉ፤ እነሱም አናታቸውን ሲጫኗቸው ቁልፍ ሆነው ያርፋሉ። እናቴ አንዱን ነካች። ስክሪኑ ላይ ያለው ጎበዝ ሄዶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈና እዚያው እግሩን ያነሣ ይጥል ጀመር። “ምነው ግድግዳውን ምን አድርጎት ነው?” አለች። ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደው። ግራፊክሱ እንደሆነ ድንቅ ነበር፤ የግድግዳው ጡብ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ 1971 ዓ.ም. ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረ ጊዜ እናቴ ማታ ማታ ነጠላዋን ተከናንባ ቀበሌ እየሄደች ፊደል ቆጥራለች። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ማንበብ ችያለሁ። ኩራዙ ሥር ጣቷን እየጎተተች “በ”ንና “ሰ”ን ስታምታታ፣ ይሄ እንዴት ይከብዳል እል ነበር። የተማረ ሰው መማሩን ይረሳዋል። ፊደሉ ከዓይኑ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለዋል።

ጆይስቲክም ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የአታሪ ማሽን ጆይስቲክ አንድ ዘንግና አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ አንድ አንድ ፊደል እየተጨመረ ሄዶ ሄዶ ሙሉ ገበታ ሆነ። አብረውት ያደጉት ልጆች ጭማሪው አልተሰማቸውም። ከውጭ ለሚመጣው ግን የቤቱ በር እየጠበበ ነው የሄደው። ግራፊክሱ ለዚህ ሰው ምንም አያደርግለትም። ብራናው ላይ የቱንም ያህል ሐረግ ቢሣል፣ የቱንም ያህል ቀለም ቢፈስ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሐረጉን አድንቆ ይመለሳል እንጂ ንባቡ ውስጥ አይገባም።

በማግሥቱ ሴቷ ልጅ የዊውን ሪሞት አመጣች። ቦውሊንግ ነው ጨዋታው፤ ከባድ ኳስ አንከባሎ አሥር እንጨት መጣል። እናቴ ቦውሊንግ የሚባል ነገር በዓይኗም አይታ አታውቅም። ልጅቷ የምትለውን እኔ አስተረጎምኩ። “እማዬ፣ ከሥሩ ያለችውን ተጭነሽ ያዢ። እጅሽን ወደ ኋላ ውሰጂና ወደፊት ስታመጪው፣ ልቀቂያት።”

“ወንጭፍ ነዋ!” አለች።

እናቴ የይፋት ልጅ ናት። ከማግባቷ በፊት ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ስትጠብቅ ነው ያደገችው። ወንጭፍን የወነጨፈ ሰው ያውቃል፤ ጉልበት አይደለም ቁም ነገሩ፣ ጠጠሯን የሚለቁባት ቅጽበት ናት። ትንሽ ከቀደምክ ሰማይ ትወጣለች፣ ከዘገየህ እግርህ ሥር ትወድቃለች። ዊ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ልጅቷ የሪሞቱን ማሰሪያ አንጓዋ ላይ ልታስርላት ስትል፣ እናቴ ለካ ቀድማ አጥልቃዋለች። የወንጭፍም አንዱ ጫፍ ጣት ላይ ይጠለቃልና። (የአሜሪካ ሰው ይህን ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሪሞቱ ከእጁ እያመለጠ ቴሌቪዥን የሰበረበት ሰው በዝቶ፣ ኒንተንዶ በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. ጠንከር ያለ ማሰሪያ በነፃ እስከ መቀየር ደርሶ ነበር። አንድ የይፋት እረኛ ቢያማክሩ ኖሮ በተገላገሉ።)

የመጀመሪያዋ ኳስ ቦይ ገባች። ሁለተኛዋም። በሦስተኛዋ አሥሩም እንጨቶች ወደቁ። ልጆቹ ጮኹ። እሷ ግን እንደ አዋቂ ገበሬ ምንም እንዳልተደነቀ ሰው ሆና “ሌላስ አለው?” አለች።

ከዚያ የመጣው ነገር ነው ለእኔ ትልቁ። ልጆቹ “ማን አስተማራት?” ብለው ጠየቁኝ። እሷን ጠየቅኳት፤ ነገረችን። ማማው ምን ያህል ከፍ ያለ እንደነበር፣ እህቷ በማዶው ማማ ሆና በዜማ እንደምትጠራት፣ ፀሐይዋ ከመውጣቷ በፊት ወፉ እንደ ደመና እንደሚመጣ። ወንዱ ልጅ “ስንት ገደለች?” አለ። “መግደል ምን ያደርግልኛል? እንዲሄድልኝ ነው” አለችው። ሁለት ዓመት አንድ ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ልጆቹ ይህን አልሰሙም፤ የሚጠይቁት ነገር አልነበራቸውማ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ሲገቡ “እማማ፣ ቦውሊንግ!” የሚለው ጥሪ ይሰማ ጀመር። ለ“ና”፣ ለ“ብሉ” እና ለ“ተኙ” አራተኛ ቃል ተገኘላቸው።

ስለ ግራፊክሱም አንድ ነገር ልጨምር። ዊ ለተጫዋቹ ራሱን የሚመስል አሻንጉሊት ይሠራለታል። አሻንጉሊቱ ድቡልቡል ራስ ያለው፣ ክንድ የሌለው፣ እጆቹ እንደ ሁለት ኳስ አየር ላይ የተንሳፈፉ ነው። ልጅቷ ለእናቴ አንድ ሠራችላት፤ ሽበት አለበሰቻት፣ ዓይኗን ጠበብ አደረገችው። ነጠላ ፈልጋ ከዝርዝሩ ውስጥ አጣች። ያም ሆኖ እናቴ ገና ከሩቅ ስታያት “ያቺ እኔ ነኝ” አለች። በዚያው ቤት ላቡ የሚታይ፣ ቆዳው የሚታጠፍ ሰው እያለ፣ እናቴ ራሷን ያየችው ክንድ በሌላት አሻንጉሊት ውስጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ እጇን ስታነሣ አሻንጉሊቷም ታነሣለች።

ይህ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ኒንተንዶ ቤት ጉንፔ ዮኮይ የሚባል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቀጠር ሥራው የካርታ ማተሚያ ማሽኖቹን መጠገን ነበር። ሥራ ሲፈታ በትርፍ ሰዓቱ የሠራትን፣ ተዘርግታ ዕቃ የምትይዝ የእንጨት እጅ መሳይ መጫወቻ አለቃው አየባትና ለገበያ እንዲያዘጋጃት አዘዘው። የዮኮይ እምነት አንዲት ነበረች። ዘመን ያለፈበት፣ ዋጋው የወረደ፣ ጠባዩ ተጠንቶ ያለቀ ቴክኖሎጂ ውሰድና ማንም ባላሰበው መንገድ ተጠቀምበት የምትል። ዛሬ ጆይስቲክ ሁሉ ላይ ያለችውን የመስቀል ቅርጽ ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ1982 የፈጠራት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌምቦይም የእሱ ነው፤ ስክሪኑ ቀለም የሌለው፣ እንደ ጎመን ውኃ አረንጓዴ ቢጤ። ተፎካካሪው ሴጋ ወዲያው ጌም ጊርን አወጣ። ባለ ቀለም ነው፣ ያምራል። ግን ስድስት ባትሪ ውጦ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይሠራል። ጌምቦይ በአራት ባትሪ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል። ባትሪ ከደጃፍ ሱቅ የገዛ ሰው ይህን ሒሳብ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ጌምቦይ ባለ ቀለም ታናሹን ጨምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ ጌም ጊር አሥር ሚሊዮን አካባቢ ቀረ።

እንዲህ ስል ግን የእህቴ ልጅ ዝም አላለኝም፤ ደግሞም የሚናቅ ነገር አልተናገረም። “ታዲያ ካይኔክት የት ደረሰ?” አለኝ። እውነቱን ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2010 ጭራሽ መጫወቻ የማይፈልግ፣ መላ አካላትን በካሜራ የሚያይ ዕቃ አውጥቶ በሁለት ወር ውስጥ ስምንት ሚሊዮን ሸጠ፤ በ2017 ምርቱ ቆመ። ኒንተንዶም ራሱ ዊን ይተካልኛል ብሎ በ2012 ያወጣው፣ መጫወቻው ላይ ሌላ ስክሪን የለጠፈበት ዊ ዩ አሥራ አራት ሚሊዮን እንኳ ሳይሞላ ተቀበረ። አዲስ ስለሆነ ብቻ በር አይከፈትም። ወንጭፍ ሁሉም እጅ ያውቀዋል፤ እጅ ላይ ያለ ስክሪንና ግድግዳ ላይ ያለ ስክሪን እያፈራረቁ ማየትን ግን የሚያውቅ እጅ የለም። ያም አዲስ ፊደል ነው።

የወንድሜ ልጅም ሌላ ምስክር ሆኖብኛል። ዛሬ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ኮምፒዩተር ነው ሥራው። ስልክ ደውዬ ጠየቅኩት። “ዊ ደስ ይላል፤ ግን እኔ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰልችቶኝ ነበር” አለኝ። ለነገሩ ጎልማሶቹም ሶፋ ላይ ተጋድሞ አንጓን ቆልመም በማድረግ ብቻ ቴኒሱን ማሸነፍ እንደሚቻል ከደረሱበት በኋላ የሚነሣ ሰው ጠፍቷል። እሱን ልቡን የነካው እ.ኤ.አ. በ2013 በፕሌስቴሽን 3 የወጣው “ዘ ላስት ኦፍ አስ” ነው። “የአባትየውን ፊት ባላየው ኖሮ አላለቅስም ነበር” አለኝ። ይህን ላጣጥልበት አልችልም። ሰው በፊት ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ፍጡር ነው፤ እኔስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ገጸ ባሕርይ መልክ አሳሳል ሳወራ የኖርኩት ለምን ሆነና? ግራፊክስ ከገባህ በኋላ ታላቅ ነገር ነው። የእኔ ክርክር ስለ መግባቱ ነው፤ ይህንንም ለወጣቱ ማስረዳት የሚያስቸግረው እሱ ተወልዶ ያደገው ውስጥ ስለሆነ ነው።

ሶኒም እንኳ፣ የምስል አምባሳደር የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ፕሌስቴሽን 5ን ሲያወጣ ብዙ የለፈፈው ጣት ሲስብ እንደ ቀስት ጅማት ስለሚከብደው ቁልፍ ነበር። ምስሉ እያማረ እያማረ ሄዶ፣ የዘንድሮውንና የአምናውን ለመለየት አፍንጫን ከስክሪኑ ማጋጠም ሲያስፈልግ ምን ያድርግ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የማይክሮሶፍት መጫወቻ ነው። የተሠራው እጃቸው፣ ጣታቸው ወይም ሌላው አካላቸው እንደ ልብ ለማይታዘዝላቸው ሰዎች ነው። ሲያዩት ያስቃል፤ የዲጄ ሸክላ ማጫወቻ ይመስላል። ላዩ ላይ ሁለት ትልልቅ ክብ ቁልፎች፣ ጀርባው ላይ 19 መሰኪያዎች። በየመሰኪያው ሰው የሚመቸውን ይሰካበታል፤ በእግር የሚረገጥ፣ በክርን የሚገፋ፣ በአገጭ የሚነካ። ካርቶኑን እንኳ ያለ ጣት፣ ገመዱን በጥርስም ሆነ በክንድ ስቦ መክፈት እንዲቻል አድርገው አሰቡበት። ዋጋው 100 ዶላር ነበር። ሶኒም ዘግየት ብሎ በ2023 የራሱን አወጣ። ይህ ዕቃ በአንዲት ነጥብ እንኳ ምስሉን አያጠራም። ስንት ሰው እንዳስገባ ግን አስቡት።

እኛ ሰፈር ይህ ዕቃ አልደረሰም። ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ አንድ ፕሌስቴሽን ቤት አለ፤ ድሮ ጆተኒ ነበረው፣ ጆተኒው አሁን ግቢው ውስጥ ዝናብ ይመታዋል። አንዳንዴ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ በሩ ላይ ቆም እላለሁ። እዚያ ቤት ስለ ግራፊክስ ሲጣሉ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚጣሉት ጆይስቲክ ለመምረጥ ነው፤ ጎማው ያልተላጠውን ለመያዝ። ባለፈው የሰፈሩ ሁለት ወንድማማቾች ኳስ ይጫወታሉ። የታላቅየው ግራ እጅ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰለለች ናት። ጎን ለጎን ተጠጋግተው፣ አንድ ጆይስቲክ ለሁለት ይዘዋል። ታናሽየው በግራ በኩል ያለውን ዘንግ ያንቀሳቅሳል፣ ታላቅየው በቀኝ እጁ ያቀብላል፣ ይመታል። “ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ! ቁም!” ይለዋል፤ ታናሽየውም ይቆማል፤ ያኔ ይመታል።

ሁለት ለአንድ አሸነፉ። ተሸናፊው ጆይስቲኬ ይጎትታል ብሎ ተሟገተ፣ ባለቤቱም ከመሳቢያ ሌላ አውጥቶ ሰጠው፤ ሒሳቡን ግን አስከፈለው።